ጠበል የጠጣችው መኪና

ስማኝማ፣ ይህን ነገር ቁጭ ብለህ ስማኝ፣ ሰምተህ ስትጨርስ ከፈለግክ ውሸታም በለኝ፣ ከፈለግክ አረቄ ጠጥቶ ነው በለኝ፣ እኔ እንደሆነ ከዚህ የባሰም ተብያለሁ። ግን አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። እኛ ሰፈር ጅብ ከጮኸ መንፈስ ነው፣ ሕፃን ካተኮሰው የሰው ዓይን ነው፣ ባልና ሚስት ከተጣሉ መተት ነው፣ እኔ ይህን ሁሉ ስሰማ ሆዴን ይዤ የምስቅ ሰው ነበርኩ። እናቴ አንገቴ ላይ ያሰረችልኝን የክታብ ክር በጥሼ የባትሪ ገመድ ያሰርኩበት ሰው ነኝ፣ እመነኝ። ትምህርቱን አሥረኛ ክፍል ላይ ጣጥዬዋለሁ፣ ሞተር ግን አውቃለሁ። ሞተር ደግሞ ምክንያት አለው፣ ናፍጣ ይፈልጋል፣ አየር ይፈልጋል፣ አንዱ ሲጎድልበት ይታመማል፣ የጎደለውን ስትሰጠው ይድናል፣ አለቀ። ከሰው የሚሻለው በዚህ ነው፣ ሲያመው አመመኝ ይልሃል፣ ሲሻለው ተሻለኝ ይልሃል።

ያኔ ማርቆስ ውስጥ፣ ወደ ደምበጫ መውጫው ላይ ያለ ጋራዥ ነበር የምሠራው። ክረምት ነው፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል፣ የመፍቻ ቁልፍ ስትይዝ ብረቱ ጣትህን ይዞ የሚቀር ነው የሚመስልህ። አያ ይበልጣል የሚባሉ ሾፌር የመሥሪያ ቤታቸውን መኪና ይዘው መጡ፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፣ ብጠራውም የሚያፍር የለም። መኪናዋ አሮጌ ቱርቦ ናት፣ ደብል ጋቢና፣ ኋላዋ በሸራ የተሸፈነ። አያ ይበልጣል ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን መሪ ላይ ያረጁ ሰው ናቸው፣ ጉርድ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ለሕፃን እንኳ ከመቀመጫቸው ብድግ የሚሉ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ዘንድሮ የለም።

«ምን ሆና ነው አያ ይበልጣል?» አልኳቸው።

«ዳገት ላይ ታመነታለች ልጄ። ነዳጅ እረግጥላታለሁ፣ አትሰማኝም። ትንቀጠቀጥና ትንፋሿ ይቆረጣል።»

«ጭሷስ?»

«ነጭ ነው።»

«መሥሪያ ቤት ምን አሉ?»

ሳቁ፣ ግን የሳቅ ሳቅ አልነበረም። «እነሱማ ናፍጣውን እየሸጠ በላምባ ይቀላቅለዋል ይሉኛል። በዚህ ሳምንት ካልተስተካከለች ቁልፉን አስረክብ ተብያለሁ። ጡረታ ልወጣ ትንሽ ሲቀረኝ፣ ሌባ ተብዬ ልወጣልህ ነው።»

ይህን ሲሉኝ ደሜ ፈላ። እኒያ በር ሲከፈትላቸው እንኳ የከፈተላቸውን ሰው ፊት የማያዩ ሰዎች ናቸው ሌባ የሚሏቸው! እንግዲህ ቆይ፣ እኔ አስተካክላታለሁ ብዬ ኮፈኑን ከፈትኩ።

መጀመሪያ እንዲህ ነው የሚደረገው፣ ሞተሩን በዝግታ አስነስተህ ናፍጣ ወደሚረጩት ኖዝሎች የሚሄደውን ቧንቧ በየተራ ታላላዋለህ። ስታላላው ድምፁ ከተለወጠ ያኛው ሲሊንደር እየሠራ ነው፣ ካልተለወጠ ሰነፉ እሱ ነው፣ ያዝከው ማለት ነው። እሷ ግን ሰነፉን አታስይዝም፣ አንዴ የፊተኛው ይዘላል፣ ወዲያው እሱ ይስተካከልና የኋለኛው ይዘላል፣ ድብብቆሽ የምትጫወት ይመስል። ይህ ሲሆን ጥፋቱ ኖዝል ሳይሆን ናፍጣው ነው። የናፍጣ ማጣሪያውን፣ የፊልትሮውን፣ ማፍሰሻ ፈታሁና በፕላስቲክ ጠርሙስ ተቀበልኩት፣ ትንሽ ሲረጋ ናፍጣው ከላይ ቀረ፣ ከሥሩ ጥርት ያለ ውሃ ተኛ።

«አያ ይበልጣል፣ ናፍጣ መያዣው ሳልባትዮ ውስጥ ውሃ ማን ጨመረ?»

ጠርሙሱን አዩት፣ አቀረቀሩ። «ውሃ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ጠበል ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን ሳየው ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ከጠበል ቦታ በጀሪካን ቀድተው፣ በእምነታቸው፣ በገዛ እጃቸው፣ ናፍጣ ላይ ጨምረውላታል! እኔ እንግዲህ አፌ አይታሰርም፣ «ኧረ አያ ይበልጣል፣ በሞቴ፣ ሰው ነው እንዴ የምታስጠምቁት? ቀጥሎ ደግሞ ታቆርቧት ይሆናላ!» አልኳቸው። አልተቆጡም። «መድኃኒት ሲጠፋ ሰው ምን ያደርጋል» ብቻ አሉኝ። ልብ በል፣ ጠበሉን ያጠጧት ሕመሙ ከጀመራት በኋላ ነው፣ እኔ ግን ያኔ ይህን ልብ አላልኩም።

ሳልባትዮውን አወረድኩ፣ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ። ደግሞ ከቱርቦው የሚወጣው ጎማ ቱቦ ከሥሩ ተሰንጥቆ አገኘሁት፣ ቱርቦው የጨመቀው አየር በዚያ ሾልኮ ይወጣል፣ ዳገት ላይ ትንፋሽ ቢያጥራት ምን ይገርማል! እሱንም ቀየርኩ። ከዚያ ከተማው ውስጥ ያለ ዳገት ሁሉ ሞከርኳት፣ ወንድሜ፣ ስትረግጣት ቱርቦው እንደ እረኛ ዋሽንት ያፏጫል፣ ከወንበሩ ጋር ታጣብቅሃለች። እኔ በደስታ መሪውን እደበድባለሁ፣ አያ ይበልጣል ግን ፈገግ እንኳ አላሉም።

«አሁን በይጁቤ መንገድ እንሂድ» አሉኝ።

«ለምን? ዳነች እኮ!»

«እዚያ ካልወጣች ዳነች አትበለኝ።»

ሄድን። ዝናቡ አባርቶ ጉም እየወረደ ነበር፣ ሊመሽ ነው፣ ከብት ገብቷል፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም። እኔ ነኝ የምነዳው። ከአንዲት ትንሽ ድልድይ በኋላ አንድ ዳገት አለ፣ ዳገት ከተባለ፣ ከተማ ውስጥ ከወጣሁት ግማሹን አይሆንም፣ ጥጉ ላይ አንድ የጎበጠ ባሕር ዛፍ አለ። ዛፉ ጋ ስንደርስ ፉጨቱ ቆመ። እንደ ጥሩ ዘፈን መሐል ላይ ተቋረጠ። ረገጥኩ፣ የለም። ሞተሩ ዘለለ፣ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ሰው የአየር ማስገቢያውን በመዳፉ የከደነው ይመስል ታፈነችና ጠፋች።

ወረድኩ፣ ቱቦውን አየሁ፣ ደህና ነው፣ ፊልትሮው ደህና ነው። አስነሳኋት፣ ተነሳች። ወደ ኋላ እስከ ድልድዩ ተንሸራትቼ እንደገና መጣሁ፣ እዚያው ዛፍ ጋ ጠፋች። አስነስቼ እንደምንም ዛፉን አሳለፍኳትና አዙሬ ከላይ ወደ ታች መጣሁ፣ ቁልቁለት ነው፣ ነዳጅ አልረግጥም፣ እግሬን አንስቻለሁ፣ እዚያው ዛፍ ጋ ጠፋች። እስቲ ንገረኝ፣ በቁልቁለት ምን ዓይነት ሞተር ነው የሚያመነታው? አያ ይበልጣል ቀደም ብለው ወርደው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ወደ መኪናዋ አያዩም።

ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ነግሬሃለሁ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። የዚያን ጊዜ ነው ኮፈኑ የተመታው። ጧ። ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ጧ። ትለኝ ይሆናል፣ ብረት ሲቀዘቅዝ ይንጣጣል፣ አውቃለሁ፣ እሱን ስሰማ ነው ያደግኩት፣ እሱ ቀጭን ነው፣ ጢቅ ጢቅ ነው የሚለው። ይህ ግን የሰው መዳፍ ነው፣ ሰፊ መዳፍ፣ ቆርቆሮ በእጅህ ስትመታ የምትሰማው ያ ድምፅ፣ እየደከመ፣ እየደከመ የሚሄድ። ኮፈኑ ደግሞ ፊት ለፊቴ ነው፣ ማንም የለም፣ ጉም ብቻ ነው።

ኮፈኑን ከፈትኩት፣ መምታቱ ቆመ። ከውስጥ ግን ሌላ ነገር ሰማሁ፣ ሽ... ይልና ይቆማል፣ ሽ... ይልና ይቆማል። ቱርቦው ሞተር ከጠፋ በኋላም ትንሽ ይሽከረከራል፣ እሱ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፣ ሲጋራ ለኩሼ አጨስኩ፣ ሲጋራው አለቀ፣ እሱ አላለቀም። እኛ መካኒኮች የአየር መሳቡን የምንፈትሽበት መላ አለን፣ ቱቦውን ፈትተህ አፉን በመዳፍህ ትከድነዋለህ፣ ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ይስብሃል። እኔም ሰውነቴ እየቀፈፈው ቱቦውን ፈታሁና መዳፌን አስጠጋሁ። ሳበኝ። በእግዚሄር ይሁንብኝ፣ በጠፋ ሞተር፣ መዳፌን ሳበኝ። ከዚያ ለቀቀኝና ተነፈሰ፣ ሞቅ ያለ፣ እርጥብ ትንፋሽ፣ ናፍጣ ናፍጣ አይሸትም፣ ዘይት ዘይት አይሸትም፣ ለጋ ቅቤ ነው የሚሸተው።

እጄን መንጭቄ ወደ ኋላ ስል ጭቃው ላይ በቂጤ ተቀመጥኩ፣ የመፍቻ ቁልፉን የት እንደጣልኩት አላውቅም። «አያ ይበልጣል! ምንድን ነው ይሄ? ምን አድርጋችኋት ነው?»

 ከዚያ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ነገሩኝ፣ ድምፃቸው ከጋቢው ውስጥ ነው የሚወጣው።

«ለፋሲካ ሰሞን ነው። የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊ ከመስክ ይዤ ስመለስ፣ እዚህ ዛፍ ጋ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው አገኘን። ምጥ የያዛት ልጅ ናት፣ ሆዷን በቅቤ አሽተዋት ቅቤው ነጠላዋን አልፎ ይንጠባጠባል። መንገዱ ላይ አስቀመጧት። ባሏ መጥቶ ኮፈኑን በእጁ መታው፣ ኧረ በእግዚሄር፣ ኧረ አድርሱን አለ።»

«እሺ፣ ታዲያስ?»

«ኋላው ጤፍ ነው፣ ለበዓል የተገዙ በጎችም ታስረዋል። ኃላፊው ቦታ የለም አለ። እኔ በጎቹን እናውርዳቸው አልኩት። መኪናው የመንግሥት ነው፣ የመንግሥት መኪና ሰው አይጭንም፣ ንዳው አለኝ።»

«የመንግሥት መኪና በግ ይጭናል?»

«ነዳሁት ልጄ። በጎን በኩል አለፍኳቸው። ባሏ እየሮጠ ኮፈኑን መምታቱን አልተወም ነበር፣ እስኪደክመው። በነጋታው በዚህ ሳልፍ ዛፉ ሥር ለቅሶ ተቀምጠዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው እዚህ የምትቆመው። እኔ ምን ላድርግ? ጠበል አጠጣኋት።»

አያ ይበልጣል ተነሥተው መጡ፣ ኮፈኑን በቀስታ ዘጉት፣ መዳፋቸውን ላዩ ላይ አሳርፈው የሆነ ነገር አሉ፣ አልሰማሁትም። ወደ ማርቆስ አዙረን ስናስነሳት፣ ምንም እንዳልነበረባት ሆና ተነሳች፣ እያፏጨች መለሰችን። እኔ ግን እጄን በናፍጣ ታጠብኩ፣ በኦሞ ታጠብኩ፣ በበረኪና ታጠብኩ፣ ቅቤው አልለቀቀኝም።

በነጋታው ኃላፊው ራሱ ጋራዡ ድረስ መጣ። «ተሠራች?» አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ። ፊልትሮ ቆሽሾ ነው ብዬ ላልፈው ነበር፣ እኚያን ሰው ለማዳን ሺህ ጊዜ እዋሻለሁ፣ አያ ይበልጣል ግን ቀደሙኝ።

«ናፍጣው ላይ ጠበል ጨምሬባት ነው ጌታዬ። ለምን እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ።»

ለትንሽ ጊዜ ከንፈሩ ደረቀ፣ አይቼዋለሁ። ወዲያው ደግሞ ሰው እንዲሰማው ጮክ ብሎ ሳቀ። «የመንግሥት ንብረት ጠበል አጠጣህ? በል የንስሐ አባትም ፈልግላት!» ጋራዥ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ፣ እነዚያ ከእኔ ጋር በአንድ ትሪ የሚበሉት ሳይቀሩ ሳቁ። «ቁልፉን አምጣ» አላቸው። እኔም አላስቻለኝም፣ «ጌታዬ፣ እስቲ በይጁቤ መንገድ እርስዎ ራስዎ ይንዷትና ይዩዋት» አልኩት።  አዲስ ሾፌር ጠርቶ ገባ፣ ግን ልንገርህ፣ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ተንቀባሮ የሚሄደው ሰውዬ ያን ቀን ኋላ ነው የገባው፣ በሁለቱ ወንበሮች መሐል አንገቱን ደፍቶ።

አያ ይበልጣልን ንብረት አበላሽቷል ብለው አባረሯቸው። አሁን ቤታቸው ተቀምጠዋል፣ ልጠይቃቸው ስሄድ ስለ መኪናዋ ጤና ነው የሚጠይቁኝ፣ ስለ ሰው ጤና እንደሚጠየቅ።

መሥሪያ ቤቱ በኋላ አዲስ መኪና ተሰጠው። አሮጌዋን ምን እንዳደረጓት ታውቃለህ? ነጭ ቀለም ቀቧት፣ ጎኗ ላይ ቀይ ምልክት አደረጉባት፣ ድንኳን ተጥሎ፣ ንግግር ተደርጎ፣ አምቡላንስ ትሁን ብለው በዚያው በይጁቤ መንገድ ላለ ጤና ጣቢያ በጭብጨባ ሰጧት። ትንሽ ጊዜ አልፎ ሾፌሯ ጋራዥ መጣ፣ ለጋ ልጅ ነው፣ ጭምት፣ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። «ወንድም ጋሼ፣ ዳገት ላይ ታመነታለች» አለኝ። የቱ ዳገት እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ቱቦዋን ፈትቼ አየሁላት፣ ፊልትሮዋን አየሁላት፣ ደህና ናት፣ ደህና ናት አልኩት፣ ሌላ ምን ልበለው? እሱም አመሰገነኝ፣ እሷም እያፏጨች ሄደች።

እናንተ ሰዎች፣ ስማችሁን አልጠራም፣ እናንተ ግን ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ቁልፉን እያጨበጨባችሁ ለዚያ ልጅ ስታስረክቡት፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭኖ ዛፉ ጋ ሲደርስ ኮፈኑን የሚመታው ማን እንደሆነ ነግራችሁታል?