ጀሪካን የያዘው ወታደር

ይሄ የፈጠራ ወሬ አይደለም። ያላመነ መርሳ ከተማ ይምጣና የቤታችንን ደፍ በእጁ ይንካ።

ቀኑ ጁምዓ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ... ሰው ከመስጊድ ተመልሶ ምሳውን የሚበላበት፣ መንገዱ በሙቀት ጭር የሚልበት ሰዓት።

ዙልፋ እባላለሁ። መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል እጠግናለሁ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው።

ታናሽ ወንድሜ ዓሪፍ በጦርነቱ ጊዜ፣ ውሃ በጠፋ ሰሞን፣ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ወጣ...

አልተመለሰም።

ሞተ ብለን ሰደቃ አላወጣንም። አለ ብለንም አፋችንን ሞልተን አንናገርም። እናቴ እስከ ዛሬ በሩን አትቆልፍም። እኔም ያልጠየቅኩት ሹፌር፣ ፎቶውን ያላሳየሁት መንገደኛ የለም። አብሽሪ፣ አይዞሽ ይሉኛል። አብሽሪ ማለት ለሚለው ሰው ቀላል ነው።

በዚያች የጁምዓ ሰዓት ጋሽ ተፈራ ሱቄ መጡ። ከሱቄ ማዶ ራዲያተር የሚበይዱ ሽማግሌ ናቸው። ሐራ ገበያ ከቁርጥራጭ ብረት ጋር የገዙትን የብስኩት ቆርቆሮ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉት።

ጣት የሚያካክሉ፣ ከእርሳስ ብረት የተሠሩ ወታደሮች...

ፈረንጆች ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ጦርነት የሚጫወቱባቸው፣ የድሮ ናቸው። ሲራክ የሚባል የአዲስ አበባ ደላላ አሮጌዎቹን እንደሚፈልግ ነግሯቸዋል። ግን ማን እንደሠራቸው መታወቅ አለበት። የሚታወቀው ደግሞ ከቆሙበት ዝርግ ሥር በተቀረጸው ፊደልና ዓመት ነው።

"ዓይኔ አልይዝ ብሎኛል ልጄ። በዚያ በሚያጎላው መስታወትሽ እይልኝ እስቲ" አሉኝ።

አንድ በአንድ በብሩሽ እየጠረግኩ አየኋቸው። ሁሉንም ፎቶ አንስቼ ጋሽ ተፈራ በሰጡኝ ቁጥር ለሲራክ ላክሁለት። ፊደል ያላቸውን ወደ ቀኝ፣ የሌላቸውን ወደ ግራ አደረግኩ።

አንደኛው ወታደር እጄ ላይ ሞቀኝ። ፀሐይ ነክቶት ነው ብዬ አለፍኩ... ሌሎቹ ግን ቀዝቃዛ ነበሩ።

ጠመንጃ የለውም። በቀኝ እጁ ሳጥን ነገር አንጠልጥሏል። የጥይት ሳጥን መሰለኝ። ገለበጥኩት። ሥሩ ልሙጥ ነው።

"ይሄስ?"

"ምልክት የለውም፣ ጋሽ ተፈራ።"

እንግዲያ አቅልጬ ለራዲያተር መድፈኛ አደርገዋለሁ አሉና ምልክት የሌላቸውን አፍሰው ወጡ።

ትንሽ ቆይቶ ሲራክ ጻፈልኝ። ሌሎቹ የሃምሳ ዓመት ዕድሜ ሳይኖራቸው አይቀርም አለ። አንዱ ግን ግራ እንዳጋባው ነገረኝ።

"ጀሪካን የያዘውን ማን ነው የሠራው? እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም።"

ጀሪካን?

ፎቶውን አሰፋሁት... አሰፋሁት...

ሳጥን አልነበረም። እጀታው የተሰበረ፣ በገመድ የታሰረ ጀሪካን ነው። ገመዱን አውቀዋለሁ። እናቴ ናት የቋጠረችው።

ቅንድቡ ላይ፣ በልጅነቱ ከሾላ ዛፍ ሲወድቅ የቀረችበት ጠባሳ አለች።

ዓሪፍ።

ከሱቄ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። አንድ ባጃጅ ለጥቂት ሳተኝ። ያ ረቢ፣ ያ ረቢ እያልኩ ሮጥኩ።

ጋሽ ተፈራ እሳቱ ላይ ጎንበስ ብለዋል።

"ይተዉት... ጋሽ ተፈራ ይተዉት። ወንድሜ ነው።"

ቀና ብለው አዩኝ። ያበድኩ መስሏቸው ይሆናል።

እርሳስ በሚያቀልጡበት ጭልፋ ውስጥ ሌሎቹ ቀልጠዋል። እሱ ብቻ ቆሟል። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰጥሞ...

ጠረጴዛዬ ላይ ሳየው አፉ ዝግ ነበር። አሁን ተከፍቷል።

ፒንሳ አንስቼ ከተትኩ። ጀሪካን የያዘ እጁን አገኘሁት። ሳብኩት።

እጁ ብቻ ተቆርጦ ወጣ።

የቀረው ሰጠመ።

ጭልፋው ላይ አቀርቅሬ የወንድሜን ስም ስጠራ ሰው ተሰበሰበ። ጋሽ ተፈራ እሳቱን አጠፉና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ። "እኔን ልጄ... እኔን" ብቻ ይላሉ።

ያኔ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። ድምጿን ዝቅ አድርጋለች።

"ዙልፋ... ዓሪፍ መጣ።"

"የት ነው ያለው?"

"ደጃፍ ላይ። ግባ ስለው፣ እግሬ አልላቀቅ አለኝ ይላል... ቶሎ ነይ።"

ቁራጩን ኪሴ ከትቼ ወደ ቤት በረርኩ። በሩ እንደ ወትሮው ክፍት ነው። እናቴ ደፉ አጠገብ ተቀምጣ፣ ማንም ወደሌለበት እጇን ዘርግታለች።

ደፉ ላይ ሁለት የነጠላ ጫማ ዱካ አለ። የሙሉ ሰው ልክ። ከፈሰሰ እርሳስ የተሠራ... ገና የሚፋጅ። ጫፉ ወደ ቤት ውስጥ ያያል።

"ጀሪካኑን ልቀበለው ብዬ እጄን ዘረጋሁ" አለችኝ በሹክሹክታ። "እጅ የለውም... እጁን ምን አደረጉት፣ ልጄ?"

እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ኪሴ ርሷል።

አወጣኋት። ያቺ የጥፍር ያህል ጀሪካን ከገመዷ ሥር ጠብ... ጠብ... ትላለች።

አሁን ብርጭቆ ውስጥ ነው ያስቀመጥኳት። ጠዋት ጠዋት ብርጭቆው ውሃ ሞልቶ አገኘዋለሁ። ልደፋው ስል እናቴ ከእጄ ትቀበለኛለች።

"ዓሪፍ ያመጣው ነው" ትልና ትጠጣዋለች።