ኢታና ከፕሪንተሩ የወጣ ሰሞን

«አንተ ነህ ያስወጣኸው!»

«ማንን?»

«ኢታናን ነዋ! እስቲ 'አላስወጣሁትም፣ እናቴ ትሙት' በል፣ ሕሩይ!»

«እናቴን ተያት፣ ደም ግፊት አለባት።»

መቅደላዊት አልሳቀችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ትስቅ ነበር። ደረጃው ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መንገዴን ዘግታለች። ከኋላዋ በመስኮቱ እንጦጦ ጉም ለብሷል፤ ከታች የላምበረት መናኸሪያ የአውቶቡስ ረዳቶች «ደሴ! ደሴ!» ይላሉ። ዘልዬ አንዱ አውቶቡስ ውስጥ ብገባ ደስ ባለኝ።

«ጋሽ ሸዋረጋ ከሰኞ ጀምሮ አያት ቅርንጫፍ ናቸው» አለችኝ። «ካንተ ሌላ ሲስተሙን ማን ይነካዋል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢሯችን ያለው ከለር ፕሪንተር አንድ ብቻ ነው፣ እሱም እሷ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጧል። የፈለገ ሁሉ አያትምበትም። ሁሉም ሰው ጠዋት ኮምፒውተሩን የሚከፍትበት ስም አለው፤ ስምህ ሲስተሙ ላይ «ከለር» የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ካለ ወረቀት ይወጣልሃል፣ ከሌለ ቆመህ ትቀራለህ። ማስገባትና ማስወጣቱ የአይቲው አለቃ የጋሽ ሸዋረጋ ሥራ ነው። እኔ ከስምንተኛ ያቋረጥኩ ኬብል ጎታች ነኝ፤ ግን እሳቸው ሲወጡ ክሊኩን ለኔ ትተውልኝ ይሄዳሉ።

ኢታና ደግሞ የሽያጭ ሰው ነው። ረጅም፣ ሸሚዙ ሁሌ የተተኮሰ። አንዲት ገጽ ሊያትም ይመጣና ጠረጴዛዋን ተደግፎ ሲያወራ ይውላል። የፕሪንተሩ ኬብል ደግሞ በየቀኑ ይነቀላል። ትደውልልኛለች፣ ሮጬ እመጣለሁ፣ ጠረጴዛው ስር ገብቼ እሰካለሁ። ከላይ ሳቃቸውን እሰማለሁ። እሷ ጋ ለመቆየት ብሎ እሱ ነው የሚነቅለው ብዬ ደመደምኩ።

ስለዚህ ስሙን ከግሩፑ አወጣሁት። አንድ ክሊክ። አቤት ደስታዬ!

እስከ ምሳ አልቆየም። ኢታና ማተም ሲያቅተው ወንበር ስቦ አጠገቧ ቁጭ! በሷ ስም ማተም ጀመረ። ድሮ ቆሞ ነበር የሚያወራት፤ አሁን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው አንድ ስክሪን ያያሉ። አጠገቧ ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ! በበሩ ሳልፍ ስክሪኑ ላይ ሁለት ቀለበት አየሁ። ምሳዬን ለግቢው ድመት ሰጠሁት።

ይባስ ብሎ ያን ቀንም ኬብሉ ተነቀለ።

«አዎ፣ አስወጣሁት፣ ምን ይጠበስ!» አልኳት። «ቀለበቱንም አይቻለሁ። እንኳን ደስ አለሽ።»

«የምን ቀለበት?»

«ስክሪንሽ ላይ ያለው!»

እጇን ከወገቧ አወረደች።

«የጥሪ ካርድ እኮ ነው። ኢታና ጵርስቅላን ሊያገባ ነው፣ የሂሳብ ክፍሏን ልጅ። ዲዛይኑን ሥሪልኝ ብሎኝ ነው።»

«ጵርስቅላን?» ሳቄ አመለጠኝ።

«አትሳቅ! አሁኑኑ መልሰው።»

«እመልሰዋለሁ። ግን ኬብሉን መንቀሉን ይተው በይው።»

«ኢታና አይነቅልም።»

«እሺ፣ አይጥ ነዋ!»

አንድ ደረጃ ወረደች። እንዲህ ቀርባኝ አታውቅም። ዓይኗን ማየት ስላቃተኝ ጫማዋን አየሁ።

«መቅዲ፣ ሌላ ሰው ሲያስቅሽ አልችልም» አልኩ፤ ድምፄ ከየት እንደወጣ እንጃ። «ያመኛል። በቃ፣ ይኸው ተናገርኩ።»

አገጬን ይዛ ቀና አደረገችኝ።

«የምነቅለው እኔ ነኝ፣ ደንቆሮ! ፊትህን ልይ ብዬ እጠራሃለሁ፣ አንተ ጠረጴዛ ስር ትገባለህ። እስከ ዛሬ ያየሁት ቂጥህን ነው!»