የሚስተር ሽሉተር ፉጨት

አክስቱ ፅጌ የመኪናዋን መስታወት ወደ ፊቷ አዞረች፤ ከንፈሯን አሞጥሙጣ ሁለቴ አፏጨች። ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከሱቅ የወጡ ሰውዬ ቆመው አዩዋት።

«ኖሊ፣ ደህና ነው? ወይስ ቀጠነ?»

ኖላዊ አጠገቧ ተቀምጦ ጫማውን ያያል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ይሞት ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ዌስትውድ ውስጥ አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ለመንከባከብ ስትቀጠር፣ የአባት ስማቸውን በወረቀት አምጥታ አሳየችው። «ይሄ ሁሉ ፊደል፣ አናቱ ላይ ደሞ ሁለት ነጥብ! እንዴት ነው የሚጠራው?»

ኖላዊ ምን ያውቃል! ግን አላውቅም ማለት አልፈጠረበትም። «ጀርመኖች የትልቅ ሰው ስም በአፍ አይጠሩም፣ ነውር ነው። ነጥቡን ቆጥረሽ ማፏጨት ብቻ። አስተማሪያችን ሳያፏጭ ጠርቶ ከበርሊን ተባሯል!»

አመነችው። ቤት ውስጥ ሁሉም «ዳዲ» ስለሚሏቸው ስሙን ከማንም አልሰማችም። በየማለዳው «ሚስተር»፣ ፊው ፊው።

ባለፈው ሳምንት ሽማግሌው ሞቱ። ዛሬ ፓሳዴና ሽኝታቸው ላይ ትናገራለች፤ እሱን መንገድ ላይ ኳስ ሜዳ ታወርደዋለች።

«ልጃቸው ደውሎ ‹ያገርሽን የክብር ፉጨት እንዳትረሺ፣ ዳዲ ይወደው ነበር› አለኝ። ያገርሽን? እንግሊዝኛዬ አሳስቶኝ ነው መሰለኝ።»

ኖላዊ ገባው። የሽማግሌው ቤተሰቦች ደሞ የሐበሻ ባህል መስሏቸዋል። ዝም ቢል ማንም አይነቃበትም። ጭኗ ላይ ያለውን የንግግር ወረቀት አየ፤ ስማቸው ሊጻፍ በሚገባው ዘጠኝ ቦታ ሁለት ሁለት ቀይ ነጥብ ተደርጓል።

«ፅግዬ፣ ሞተሩን አጥፊው።»

«እንዴ! ትራፊክ ይይዘናል እኮ።»

«ፉጨቱን እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

ሞተሩን አጠፋች። «ሁለት ዓመት ሙሉ? እኔ፣ ትልቋ ሴትዮ፣ እንደ ዱርዬ?»

«ዛሬ ጠዋት ስልኬ ላይ ሰማሁት። ሽሉተር ነው። ‹ሉ› ላይ ከንፈርሽን ልክ እንደ ፉጨቱ አርጊና ‹ኢ› በይ።»

ሞከረችው። ድምጿ መሀል ላይ ተሰበረ። «አንድ ቀን እንኳ በስማቸው ሳልጠራቸው…»

መሳቋን ጠበቀ። አልሳቀችም።

ሞተሩን አስነስታ ነዳች፤ ኳስ ሜዳው ጋ ስትደርስ ቆመች። «ውረድ።»

ኖላዊ አልወረደም። ሽኝቱ ላይ ልጃቸው ስለ ፉጨቱ ሲጠይቅ መልስ መስጠት ያለባት እሷ አይደለችም፤ አብሯት ይሄዳል። እስክሪብቶ አውጥቶ ወረቀቱን ከጭኗ አነሳና፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀይ ነጥቦች ላይ ስሙን ጻፈ። ስምንት ቀረው።