አዳይቱ የደረሰው ወሬ

በ፲፱፻፷ ዓ.ም. ክረምት፣ ሰርክአዲስ ከአዲስ አበባ ተሳፍራ አዋሽ ጣቢያ ስትወርድ፣ የሰፈሩ ሴቶች ሕመማቸውን ይዘው ነበር የጠበቋት።

«ዶክተርዬ፣ እስቲ ምላሴን እዪልኝ» አሉ ጎረቤቷ ወይዘሮ ባይሽ፣ ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ።

«እትዬ ባይሽ፣ እኔ እኮ ገና ተማሪ ነኝ።»

«ተማሪም ብትሆኚ ከእኔ ትሻያለሽ። ይኸው!» ብለው እስከ ጉሮሯቸው አሳዩዋት።

እናቷ ወይዘሮ አለሚቱ በሩ ላይ ቆመው በኩራት ይስቃሉ። አባቷ አቶ ሀብተ ሥላሴ የጣቢያው ባቡር አስነሺ ናቸው፤ የእሳቸው ባንዲራ ካልተነሣ ባቡር አይንቀሳቀስም። ሁለቱም ልጃቸውን ከወዲሁ ሐኪም አድርገው ጨርሰዋል።

ሰርክአዲስ ግን በሰው ፊት ስቃ፣ ጓዳ ገብታ እጇን በሎሚ ታሻለች። ሬሳ እንዳይበላሽ የሚነከርበት መድኃኒት ሽታ ከጣቶቿ አልለቅ ያላት ይመስላታል። ለእናቷ የምንማረው ከሥዕል ላይ ነው ብላ ነበር። ሥጋ መብላት ስታቆም ስእለት አለብኝ አለች። አዲስ አበባ በምትተኛበት አልጋ ሥር የምታጠናው የሰው አጥንት በሣጥን እንዳለ ለማንም አልተነፈሰችም።

በሰኔው ፈተና መምህሩ ቢላዋውን ሲያቀብላት የተኛውን ሰው ፊት አየች። ሽበት የጀመረው፣ ግንባሩ ላይ ፀሐይ የቆየበት ሰው ነው። ስም የለውም፤ አውራ ጣቱ ላይ ቁጥር ታስሮለታል። ማን ይጠብቀው ይሆን? ማን ፍትሐት አስፈታለት? ቢላዋውን አስቀምጣ ወጣች። መስከረም ላይ ድጋሚ ካልተፈተነች ትምህርቱ በዚያው ያበቃል። እሷም ላለመመለስ ቆርጣለች።

ደግሞ ሌላም ነገር ነበረባት። አምና በክረምት፣ ከእርሻ መኪና ላይ በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ የቀን ሠራተኛ አውርደው ጣቢያው ጥላ ሥር አስተኝተውት ነበር። አንድ ረጅም ወጣት የጉሉኮስ ጠርሙስ አነሣና ዞር ብሎ፣ «እህት፣ ይህን ያዢልኝ» አላት።

«እስከ መቼ?»

«እስኪያልቅ።»

አንድ ሰዓት ተኩል ያዘችለት። ወጣቱ በአዋሽ አርባ በኩል ባለው የጥጥ እርሻ ክሊኒክ ውስጥ ድሬሰር፣ ቁስል አሳሪና መርፌ ወጊ ሲሆን፣ ጣሰው ይባላል። ያን ሁሉ ጊዜ የበሽተኛውን ትንፋሽ ከማዳመጥ በቀር ያወራት ነገር የለም። እሷ ግን ዝምታው ውስጥ ገብታ የተቀመጠች ያህል ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ አልወጣችም። ዘንድሮ ስትመጣ ከወባ ማጥፊያ ሠራተኞች ጋር ቁልቁል አፋር በረሃ ውስጥ ወዳለችው አዳይቱ ወርዷል፣ እስከ ጳጉሜን አይመለስም አሏት።

ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው በሙቀት ሲያንቀላፋ፣ ወንዙን ቁልቁል ከሚያሳየው ገደል አፍ ላይ ካለች ግራር ሥር ትቀመጥ ነበር። ታች አዋሽ ደፍርሶ ይጓዛል፤ ከዚያ ከፍታ ድምፁ አይሰማም፣ እንደ ሕልም ውኃ ነው።

አንድ ቀን ለጣቢያው ወተት የምትሸጠው ሀምዳ ፍየሎቿን እየነዳች መጣችና አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ይቀመጣል። አንዱ ያየውን የሰማውን ሁሉ ያወራል፣ ሌላው ሳያቋርጥ ያደምጣል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ዳጉ ይባላል። የሰማ ሰው ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ሰርክአዲስ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች፤ ግን የሚተላለፈው ዝናብና ግጦሽ፣ ልደትና ሞት ብቻ ይመስላት ነበር። የአንዲት የደገኛ ልጅ የሆድ ነገር ለማን ምን ይረባል?

እናም ነገረቻት። ስለ ሬሳው፣ ስለ አጥንቱ፣ ስለ ሎሚው። ሀምዳ አንዴ እንኳ አላቋረጠችም፤ ብቻ በየመሐሉ «እም» ትላለች።

«ሌላስ?» አለች በመጨረሻ።

«ሌላ የለም።»

«አለ። ዓይንሽ ገና አልጨረሰም።»

ሰርክአዲስ ወደ ወንዙ አየች። «ድሬሰሩን ጣሰውን እወደዋለሁ። እሱ አያውቅም። እዚሁ ቀርቼ እሱን ባገባ፣ ያንን ክፍል ዳግመኛ አላየውም።»

«አሁን ሞላ» አለች ሀምዳ ተነሥታ ሽርጧን እያራገፈች። «አላህ ያግራልሽ።»

ሰርክአዲስ ለወንዙ የነገረች ያህል ቀለላት።

ጳጉሜን ሁለት ቀን ጣሰው በባቡር የመጣ የመድኃኒት ሣጥን ሊወስድ ጣቢያ መጣ። ጠቁሯል፣ ከስቷል። ከአግዳሚው ላይ፣ በመካከላቸው የሁለት ሰው ቦታ ትቶ ተቀመጠ።

«አዳይቱ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ አንድ ባለ ግመል ሽማግሌ አስቀመጡኝ» አለ፣ ሐዲዱን እያየ።

«ምን አሉህ?»

«ታች ዝናብ ጥሏል አሉኝ። የአንድ ሰውዬ ግመል እግሯ ተሰብሯል። አሳይታ ጨው ረክሷል። ከዚያ…»

«ከዚያ?»

«አዋሽ ላይ ባቡር የሚያስነሣው ሰውዬ ልጅ ሕክምና ልትማር ሄዳ፣ ስም የሌለው ሬሳ እንቅልፍ ነሥቷታል። አትመለስም አሉኝ።»

ሰርክአዲስ ነጠላዋን እስከ አፏ ሳበች።

«ሌላም ነበረው» አለ ቀስ ብሎ። «ላቋርጣቸው ፈልጌ ነበር፤ ነውር ነው። እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ስመለስ ደግሞ ሌሎች ሁለት ሰዎች ነገሩኝ። አንዳቸውም አንዲት ቃል አልጨመሩም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። አንዲት ዋኖስ የጣቢያው ጣሪያ ላይ ታዜማለች።

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ተራዬ ሲደርስ ያለኝን ነገርኳቸው።»

«ምን ነበረህ?»

«እሱማ መንገድ ላይ ነው። ይደርስሻል።»

«ጣሰው! እዚህ አጠገቤ ተቀምጠህ?»

«ፊት ለፊት መናገር ብችል ኖሮ ዓመት ሙሉ ምን አስጠበቀኝ?» ብሎ ሣጥኑን ተሸክሞ ሄደ። ጆሮው ቀልቶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሀምዳ ወተቷን ይዛ መጣች። ወይዘሮ አለሚቱ ጣሳውን እየተቀበሉ ሳለ፣ ሀምዳ እንደ ቃል መልእክተኛ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ድሬሰሩ እንዲህ ብሏል። ጠርሙሱን ከያዘችልኝ ቀን ጀምሮ ልቤ እሷ ዘንድ ነው። ነገር ግን ከፍርሃቷ መሸሸጊያ ልታደርገኝ ከሆነ አላገባትም። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም።»

«የምን ፍርሃት?» አሉ እናቷ። «የምን ድሬሰር?»

ሰርክአዲስ አሁን መደበቂያ አልነበራትም። ሁሉንም አንድ ባንድ አወጣችው። ወይዘሮ አለሚቱ ጣሳውን እንደያዙ ሰሙ። ሲያበቃ የልጃቸውን እጅ አንሥተው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ለካ ሎሚዬን የምትጨርሺው ለዚህ ኖሯል» አሉ። «ይህን ሁሉ ብቻሽን ነው የተሸከምሽው፣ ልጄ? በይ ሂጂና ለልጁ ራስሽ መልሺለት። እኔ ወተቱን ላፍላ።»

በጥጥ መኪና ተሳፍራ ክሊኒኩ ደረሰች፤ ተቆጥታ ነበር።

«መሸሸጊያ ነው ያልከኝ?»

«ነይ» አላት። ከክሊኒኩ ጀርባ ወሰዳት። የጥጥ ብናኝ በነፋስ ይንሳፈፋል፤ ከሥሩ በድንጋይ የተከበቡ ሰባት የአፈር ጉብታዎች አሉ።

«ከደጋ ጥጥ ለመልቀም የመጡ ናቸው። ወባ ነው። ይህኛው የወሎ ሰው መሰለኝ፤ ስሙን ልጠይቀው ስል ትኩሳቱ ቀደመኝ።»

«ታዲያ ምን ብለህ ቀበርከው?»

«ልጅ ሳለሁ ዲያቆን ነበርኩ። ስሙን ላላወቅሁት ገብረ እግዚአብሔር እላለሁ። የእሱ ያልሆነ ሰው የለማ።»

«እስላም ቢሆንስ?»

«ጠባቂያችን ሐጂ ያሲን መጥተው አብረውኝ ይቆማሉ። እሳቸው በእሳቸው፣ እኔ በእኔ። ጌታ የራሱን ሰው አይስትም።»

ሰርክአዲስ ከጉብታው አጠገብ ተንበረከከች። ቁጥር የታሰረለት ሰውዬ ግንባር ዓይኗ ላይ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ አልሸሸችውም። ገብረ እግዚአብሔር፣ አለችው በልቧ። ደረቷ ላይ የቆየ ነገር ቀስ ብሎ ሲፈታ ተሰማት፤ ዕንባዋም ያለ ድምፅ ወረደ።

ጣሰው ጠበቃት። ከዚያ፣ «እኔ የተማርኩት ክኒን መስጠትና መቅበር ነው» አላት። «በመካከሉ ያለውን የሚያውቅ ሰው እዚህ የለም።»

«ለመጨረስ ገና አራት ዓመት ይቀረኛል፣ ጣሰው።»

«አውቃለሁ።»

«ብወድቅስ?»

«ወድቀሽ ብትመጪ በሬ ክፍት ነው። ሸሽተሽ ብትመጪ ግን አንድ ቀን እኔን ስታዪ ያንን ክፍል ታያለሽ። ያን አልችለውም።»

ቀና ብላ አየችው። ጥጡ ፀጉሩ ላይ አርፏል፤ እጇን ዘርግታ አነሣችለት።

በመስከረም ሦስተኛው ሳምንት ጣቢያው በሰው ተሞላ። ወይዘሮ ባይሽ ምላሳቸው እንደዳነ ለሁሉም ይናገራሉ። ጣሰው ራቅ ብሎ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ቆሟል፤ ሣጥን ልወስድ ነው ብሎ ነበር፣ የመጣ ሣጥን ግን አልነበረም። አቶ ሀብተ ሥላሴ ባንዲራቸውን ጨብጠው ሰዓታቸውን ያያሉ።

ለድጋሚ ፈተናዋ ወደ አዲስ አበባ የምትመለሰው ሰርክአዲስ በባቡሩ መስኮት እስከ ወገቧ ወጣች።

«ጣሰው!»

ሰው ሁሉ ዞረ።

«እስካሁን የሰማኸው ከሰው አፍ ነው! ከእኔ ስማው! እወድሃለሁ!»

ወይዘሮ ባይሽ አፋቸውን ያዙ። ወይዘሮ አለሚቱ ወደ መሬት አዩ፣ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። የአቶ ሀብተ ሥላሴ ባንዲራ በግማሽ ቀረች፤ ባቡሩም ቆሞ ጠበቀ። ልጃቸውን አዩ። ጣሰውን አዩ። ከዚያ ባንዲራዋ ተነሣች።

የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ በኋላ ባንዲራቸውን እየጠቀለሉ ወደ ታንከሩ መጡ።

«ስማ አንተ ልጅ።»

«አቤት፣ ጋሼ።»

«እኔ የማውቀው ሽማግሌ የሚልከው ወንዱ ነበር።»

«ነው፣ ጋሼ።»

«የእኔዋ በባቡር መስኮት ልካለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባትህን ይዘህ ና፣ መልሱን እሰማለሁ።»