ያልመረረው ክኒን

የትምወርቅ በቃሬዛ ተይዛ መካነ ሰላም ሆስፒታል ስትደርስ ነፍሷ ወጥታ ነበር። ሐኪሙ አስከሬኑን መርምሮ ፖሊስ ጠራ።

«ይቺን ሴት አውቃታለሁ» አላት ምክትል ኢንስፔክተር ጸደንያን። «ከሰባት ዓመት በፊት ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳትና ከአንጎሏ ሥር ያለችው አተር የምታህል ዕጢ ከሥራ ውጭ ሆነች። ጡቷ ወተት አላወጣም፤ የወር አበባዋ ቀረ፤ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ትደርብ ነበር። በሽታዋ የታወቀው አምና ደሴ ሄዳ ነው። የጎደላትን ሆርሞን በክኒን ተክተን ሰው አደረግናት። ከለመደችው ወዲያ ግን ካቋረጠች በቀናት ውስጥ ታስመልሳለች፣ የደም ግፊቷ ይወርዳል፣ ትሞታለች። ለእሷም ለባሏም አጥብቄ ነግሬያለሁ።»

ከቀብር መልስ ባሏ ጋሹ ጥያቄ አልጠበቀም። «ቄሱ ናቸው! ጸበል አስገብተው ክኒኑን አስጣሏት።»

ቄስ ቃለ ክርስቶስ ጸደንያን ከጸበሉ አጥር ሥር አገኟት። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ በጸበሉ ዋጪው ያልኋት እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት እፊቴ ትውጥ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቷ ይጨማደዳል፤ ኋላ ግን እንደ ከረሜላ ዋጥ ታደርገው ጀመር። ‹ጸበሉ ምሬቱን ወሰደልሽ› ብዬ ቀልጄባታለሁ።»

«ኋላ ማለት መቼ ነው አባ?»

«ከደብረ ዘይት በዓል ማግስት። ከመሞቷ ስምንት ቀን ቢቀድም ነው።»

ጸደንያ ወደ ሟች እህት ወደ አሰጋሽ ቤት ወረደች። በየጠዋቱ ጸበል ያደረሰቻት፣ መድኃኒቷንም የያዘችላት እሷ ነበረች። የትምወርቅ የወለደቻት የኔአለም ጉያዋ ተሸጉጣለች። ወተት ያጣችውን ጨቅላ ከራሷ ልጅ ጋር አጥብታ ያሳደገቻት አሰጋሽ ናት።

«አብሽሪ» አለቻት ጸደንያ እየተቀመጠች። «ልጆቹስ ደህና ናቸው?»

«ተመስገን! ሦስቱንም ከጥምቀት ወዲህ ጉንፋን እንኳ አልነካቸው።»

«እኔ ለፋሲካ የትምዬ ጋ ልገባ ነበር» አለች ልጅቱ።

«ሂጂ ተጫወቺ!» አለች አሰጋሽ።

በሣልስቱ ጸደንያ ጋሹን፣ አሰጋሽንና ቄሱን ከድንኳኑ ጠርታ ቤት አስገባቻቸው።

«የትምወርቅ ክኒን አልተወችም፤ አባ ስትውጥ አይተዋል። ምሬቱ ግን ድንገት ጠፋ። እንግዲያው ክኒኑ ሌላ ሆኗል ማለት ነው።» ከሟች ብልቃጥ አንዱን አውጥታ ውኃ ባለበት ማንኪያ ላይ ጣለችው። አፍታም ሳይቆይ ሟሟ። «ይህ ዚንክ ነው፤ ጤና ኬላ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጥ ጣፋጭ ክኒን። መዝገቡን አየሁት። በደብረ ዘይት ሰሞን ለሁለት ልጆቿ ብላ የወሰደች እናት አለች። ልጆቿ ግን ከጥምቀት ወዲህ አልታመሙም፤ ራሷ ነግራኛለች።»

ጋሹ ቀስ ብሎ ወደ አሰጋሽ ዞረ።

«የትምወርቅ በክኒኑ በረታች» አለች ጸደንያ። «ስለበረታችም ልጇን ልትወስድ ነበር።»

«ልጇን?» አሰጋሽ ብድግ አለች። «በረኃብ ስትንጫረር ጡት የሰጣት ማን ነው? በኩፍኝ ስትቃጠል አቅፎ ያደረ ማን ነው? እንደ ድሮዋ ትድከም ብዬ ነው! ስድስት ዓመት ያለ ክኒን ኖራለች፤ አሁን ትሞታለች ብዬ በምን ልወቅ?»

ቄሱ አማተቡ።

«እኔ አውቅ ነበር» አለ ጋሹ። «ብልቃጡን ስሰጥሽ አደራ አልሁሽ እንጂ ካቆመች ትሞታለች አላልሁሽም። እህቷ ነሽ! እንዴት እህቷን አስጠነቅቃለሁ? አንቺን አምኜ እኒህን አባት ነፍሰ ገዳይ አልኋቸው።»

ከደጅ የኔአለም «እማ!» ብላ ተጣራች።

አሰጋሽ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ጋሹ ቀድሟት ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋው።