ያልረጋው ወተት

የትራሙ ደወል ሲሰማ «ድንቢጥ» ቅርጫቷን አግዳሚው ላይ አኖረች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ከጋዜጣው ቀና አላለም።

የምስጢር ስሙ «ዲያቆን» ነው። የሲንሲናቲ ከተማ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ሹም፤ የእሷም አዛዥ።

«ዳቦው ሥር ነው» አለች።

«ምን አገኘሽ?»

«ፎርማሊን። ወተቱን በዚህ ሐሩር መስኮት ላይ አቆይቼው አልረጋም። ሬሳ የሚያቆዩበትን መድኃኒት ለሕፃን እያጠጡ ነው።»

«ግማሹስ?»

ናሙና ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱም ጠርሙሶች በሰም ይታሸጋሉ። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይመሰክራል።

«ማጠቢያው ክፍል፣ ከምድጃው ጀርባ።»

«ጎበዝ። ተመለሺ። ነገ ጠዋት ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ።»

«ጠዋት እኮ የሙት ልጆች ቤቱ ወተት ይጫናል።»

«ሳይጫን እደርሳለሁ።»

ቅርጫቱን አንሥቶ ትራሙ ላይ ተንጠላጠለ።

እውነተኛ ስሟ ኤልዛ ቮግት ነው። በክሎስተርማን ወተት ቤት ግን በርታ ነች፤ ጠርሙስ አጣቢ። እጇ በሶዳ ተልጧል። በጋውን ሙሉ፣ ኮረብታው ላይ ካለው የሙት ልጆች ቤት ትንንሽ የሬሳ ሣጥኖች ሲወጡ አይታለች።

በማግስቱ እንደገባች ከምድጃው ጀርባ እጇን ሰደደች።

ባዶ።

«በርታ፣ ጌታው ይፈልጉሻል» አለ ጋሪ ነጂው ዲርክ። «ደሞዝ ሊጨምሩልሽ ይሆናል። ከሆነ ቢራው ባንቺ ነው።»

በባለቤቱ በክሎስተርማን ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጠርሙሶች ቆመዋል። ሰማቸው ላይ የአውራ ጣቷ አሻራ አለ።

ሁለቱም የእሷ ናቸው።

አንዱን የሰጠችው ለዲያቆን ነው። የሌላውን መደበቂያ የነገረችውም ለእሱ ብቻ።

«ተቀመጪ፣ የኔ ልጅ» አለ ክሎስተርማን። «አለቃሽ ጨዋ ሰው ነው። እኔም ክፉ አይደለሁም። የተበላሸ ወተት ቢጠጡስ አይሞቱም ነበር?»

«ሬሳም አይበላሽም። ድኗል ግን አይባልም።»

ሳቀ። «ምላስሽስ ከእጅሽ ይፈጥናል። በጓሮ በር ውጪ። ሁለተኛ እዚህ ሰፈር እንዳላይሽ።»

ጓሮው ውስጥ ዲርክ ፈረሶቹን ይጠምዳል። የሙት ልጆቹ ወተት በቆርቆሮ ጋኖች ተደርድሯል። ግድግዳው ሥር የፋኖስ ላምባ የያዘ ጣሳ አለ።

አነሣችው።

የመጀመሪያውን ጋን ከፈተች። ላምባውን አፈሰሰችበት። ሁለተኛውን።

«አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል እንዴ?» አለ ዲርክ። «ማን ይጠጣዋል አሁን?»

«ማንም።»

ፖሊስ መጣ። ዲያቆንም መጣ። እንዳለው ሳይጫን ደረሰ።

«ይህችን ሴት ያውቋታል?» አለ ፖሊሱ።

«አይቻትም አላውቅም» አለ ዲያቆን፣ ጓንቱን እያወለቀ።

በዚያ ዓመት በንጹሕ ምግብ ሕግ የታሰረችው እሷ ብቻ ነበረች። ጥፋቷም ወተት መበከል።

«ስም?» አለ ዳኛው።

እውነቱን ብትናገር ማን ያምናታል? ደግሞስ ኤልዛ ቮግት ሰላይ መሆኗ ከተሰማ፣ የትኛው ወተት ቤት ደጁን ይከፍትላታል?

«በርታ» አለች።

ላምባው በፈሰሰበት ቀን የሙት ልጆቹ የአጃ ውሃ ጠጡ።

በማግስቱ እንደወትሮው ያው ወተት ተጫነ።

ከእስር ስትወጣ በረዶ ይጥል ነበር። ወንዙን ተሻግራ የሌላ ወተት ቤት በር አንኳኳች። የላካት የለም። ናሙናውን የሚቀበላትም የለም።

«ጠርሙስ ማጠብ ትችያለሽ?» አለ አሠሪው።

«እችላለሁ።»

«ማን ልበልሽ?»

አንድ ስም ነገረችው። የማንም አልነበረም።