ለሦስት ሰው የታሰበ ጀልባ

ሐሙስ ዕለት ደምመላሽ የሚነዳውን አውቶቡስ አቁሞ ምሳውን ሊበላ ሲል ስልኩ ጮኸ። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው። የፍቅረኛው የብፅዓት ወንድም ነበር፣ ሀብተ ማርያም።

«ደሜ፣ ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ። ምነው?»

«እማዬ ከትናንት ጀምሮ ሆስፒታል ናት። የሐኪሞቹ ፊት ደስ አይልም።»

«ለብፅዓት ልንገራታ! አሁን ቤት እያጠናች ነው።»

«ተው! እንዳትነግራት። ፈተናዋ ደርሷል። ደግሞ ታውቃታለህ፣ ከሰማች በማግስቱ አውሮፕላን ላይ ናት። እዚህ ብትመጣ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለህ።»

ያውቃል። ብፅዓት በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ታዛቢ ነበረች። ግርግሩ ሲመጣ ስሟ ከሚፈለጉት መሃል ተጠራ፣ ሸሸች። ለንደን ከገባች ስድስት ዓመቷ ነው። የያዘችው ሰማያዊ የስደተኛ ሰነድ ሌላ አገር ያስገባታል፤ የራሷ አገር አያስገባትም።

«እማማ ይናገራሉ?» አለ ደምመላሽ።

«አትናገርም። ትሰማለች ግን። ሲሻላት እኔው ራሴ እነግራታለሁ፣ አንተ ተው።»

ደምመላሽ ተወ። ስልኩን ዘግቶ ሳንድዊቹን በላ። ጨረሰውም።

ዓርብ ጠዋት እማማ አልታየሽ አረፉ።

ቅዳሜ የዕድሩ ሰዎች እዚያው ለንደን፣ ኤድመንተን ሰፈር፣ ጋሼ ኪዳኔ ቤት ተሰበሰቡ። ጋሼ ኪዳኔ የዕድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ በዚያ ሰፈር ሐበሻ መሃል መርዶ ያለሳቸው አይነገርም።

«ፈተናዋ መቼ ነው?» አሉ።

«ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ» አለ ደምመላሽ። «የመጨረሻዋ ነው። ካለፈች ነርስ ሆነች ማለት ነው።»

«በቃ፣ ረቡዕ ማለዳ ሄደን እናረዳታለን። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። አንተ በተለይ።»

«ጋሼ፣ በሁለት ቀን አንዴ እኮ እናቷ ጋ ትደውላለች። ምን ልበላት?»

«ጠበል ገብተዋል በላት። እዚያ ስልክ የለም። ለጉዞው እንዲበረቱ ብለው ነው በላት።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ደህና ውሸት ነው። ደምመላሽም ነቀነቀ። ሐሙስ ዕለት ስልክ እንደተደወለለት ግን ለማንም አላወራም።

ጉዞው የብፅዓት ሐሳብ ነበር። እናቷን ወደ ለንደን ለማምጣት ሁለቴ ቪዛ ጠይቃ ሁለቴ ተከልክላለች። ስለዚህ ሦስተኛ አገር ላይ መገናኘት። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ፈተናው ሲያልቅ እሷና ደምመላሽ ከለንደን፣ እናቷ ከአዲስ አበባ፣ ዛንዚባር ላይ ይገናኛሉ። እዚያ ደምመላሽ የእማማን ጉልበት ስሞ ልጅዎን ይስጡኝ ይላል። እሳቸው ይመርቃሉ።

አንዱን ቀን ደግሞ ኤሊዎች ወዳሉባት ትንሽ ደሴት በጀልባ ይሻገራሉ፣ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መመለስ። የብፅዓት ልብ ያቺ አንድ ቀን ላይ ነበር። እናቷ ባሕር አይተው አያውቁማ።

«ኤሊ ለማየት ነው ውሃ ላይ የምታንከራትቱኝ?» ብለው ነበር እማማ በስልክ ሲነገራቸው። «ኤሊ እዚህም ሞልቷል፣ ያውም በደረቁ!» ያን ቀን ሦስቱም ሳቁ።

ደምመላሽና ብፅዓት የተዋወቁት አውቶቡስ ላይ ነው። አንድ የክረምት ጠዋት፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ታቅፋ ተኝታ አገኛት። ሌሊቱን አረጋውያን ስትንከባከብ አድራ ትምህርት ቤት ልትሄድ ነበር።

«እህቴ፣ ደርሰናል» አላት በአማርኛ።

ዓይኗን አልገለጠችም። «አስር ደቂቃ ተወኝ፣ በእናትህ።»

ተዋት። አስር ደቂቃ ቆሞ ጠበቃት። በኋላ አለቆቹ በሬዲዮ ተቆጡት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሆነ።

እማማ ባረፉ በአምስተኛው ቀን፣ ካሌዶኒያን ሮድ ካፌ ውስጥ ብፅዓት ደብተሯን ዘርግታ ተቀመጠች። የፈተናው አይደለም፣ የጉዞው ነው።

«ጠበል መግባቷ ጥሩ ነው፣ እግሯ ያብጣል» አለች። «ስማ፣ ጀልባው ዳር ድረስ አይጠጋም አሉ። የመጨረሻዋን ትንሽ ውሃ ውስጥ ነው የሚኬደው። ትሸከማታለህ።»

ደምመላሽ ሻዩን አማሰለ። ስኳር አልጨመረበትም።

«ደሜ! ከባድ አይደለችም እኮ።»

«እሸከማቸዋለሁ።»

«በጀርባ ነው በእቅፍ?»

«እሳቸው እንደፈለጉ።»

«በእቅፍ ይሁን። ልዘልዎት ብትላት ታፍራለች።» ጻፈችው። «ደግሞ ረቡዕ አይሆንም። ጾም ነው፣ ጀልባው ላይ የሚሰጡት ምሳ ዓሣ ነው፣ አትነካውም። ሐሙስ እናድርገው።»

«ሐሙስ ይቅር።»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

«ሐሙስ ደግሞ ምን አደረገህ?» ሳቀች። ቀና ብላ አየችው። «ከስተሃል። አንተ ነህ እንዴ ፈተና ያለብህ?»

እጁን ሰዶ እጇን ያዘ። ለመናገር ሳይሆን ላለመናገር ነው የያዛት። እሷ ግን ሌላ መስሏት ጣቶቹን ጨመቅ አደረገቻቸው።

በሁለተኛው ቅዳሜ የጓደኛቸው የሔርሜላ ሠርግ ነበር። ደምመላሽ እንድትቀር ብዙ ለፋ። ራስሽን አሞሻል እንዴ፣ ጥናትሽስ፣ አለ። «አንድ ማታ ነው፣ አትጨቅጭቀኝ» ብላ ቀይ ቀሚስ ለብሳ መጣች።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው እኩሌታው ያውቃል። እንደገባች ጨዋታው ቀዝቀዝ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ከመጠን በላይ ሞቀ። የጋሼ ኪዳኔ ሚስት አቅፈው ሳሟትና ወደ ግድግዳ ዞረው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እትዬ ለሙሽሪት አለቀሱ» አለች ብፅዓት፣ ደስ ብሏት።

ሙዚቃው ሲጀመር ደምመላሽን ከወንበሩ ጎትታ አስነሳችው። ጨፈረች። ትከሻዋ እንደዚያ ቀን ቀሎት አያውቅም። እሱም ጨፈረ፣ ምን ያድርግ።

«እየጨፈርክ ነው እየነዳህ?» አለችው በጆሮው።

አብራት የምትኖረው ቲጂ ጥግ ቆማ ታያቸው ነበር። እሷም ታውቃለች። ከደምመላሽ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ፣ ሁለቱም ወደ መሬት አዩ።

ከዛንዚባር የጀልባው ባለቤት ኢሜይል ላከ። የተሳፋሪዎች ስምና ዕድሜ ይላክልኝ ይላል።

«አንተ ሙላው፣ እኔ ላጥናበት» አለችው ብፅዓት።

በእረፍቱ ሰዓት ተቀምጦ ሞላ። አንደኛ የራሱ ስም። ሁለተኛ የእሷ። ሦስተኛ፣ አልታየሽ ብሎ ጻፈ። ዕድሜ ይላል ቀጥሎ። ስልሳ ስምንት አለ። ጣቱ አልልክም አለው። አፈር የገቡትን ሴትዮ ለሽርሽር ማስመዝገብ! ስሙን አጠፋው። ሁለቱን ብቻ ላከ። ማን ያየዋል ብሎ።

ሰውዬው መልሱን ለሁለቱም ላከ።

እሑድ ከሰዓት ብፅዓት ደወለች፤ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር፣ የምታጠናበት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ና አለችው። ሲደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ፖም እየበላች ነበር።

«ሁለት ሰው ይላል» አለች ስልኳን እያሳየችው። «ቀልቃላ! ማንን ነው የረሳኸው?»

መዋሸት ቀላል ነበር። ተሳስቻለሁ፣ አስተካክለዋለሁ ቢል ያልቃል። የቀረው ሁለት ቀን ነው። ደምመላሽ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም።

እያየችው ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። ፖሙን ደረጃው ላይ አስቀመጠችው።

«ጠበል ነው ያልከኝ።»

«ብፅዬ…»

«መቼ?»

«የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ዓርብ።»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቀን እየቆጠረች ነው። ሰው በአጠገባቸው ይወጣል ይወርዳል።

«ሠርጉ ከዚያ በኋላ ነው።»

«አዎ።»

«ቀይ ለብሼ ጨፈርኩ። አብረኸኝ ጨፈርክ።»

«አዎ።»

«በእቅፍ ነው በጀርባ ስልህ…» አልጨረሰችውም። ተነስታ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ያኔ ነው ድምፅ ያወጣችው። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ሮጦ መጣ። ደምመላሽ እናቷ ሞታባት ነው አለው በእንግሊዝኛ። በእንግሊዝኛ ሲሆን እንዴት አጭር ነው።

ጋሼ ኪዳኔ ሲሰሙ ደም ፍላታቸው መጣ። «ሁለት ቀን አቅቶህ ነው? የሰው ልጅ መንገድ ዳር ይረዳል?»

«አየችኝ፣ ጋሼ» አለ ደምመላሽ። ሌላ ምን ይበል።

ማክሰኞ ማንም ያልጠበቀውን አደረገች። ጥቁር ለብሳ ለፈተና ሄደች። ቲጂ ልትከለክላት በሩ ላይ ብትቆም «ለዚህ አይደል እማዬን የደበቃችሁኝ?» አለቻት። «እፈተናለሁ። ዞር በይ።»

ከዚያ ለቅሶ ተቀመጠች። ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰው ሞላ። ደምመላሽ ሦስቱንም ቀን ወንበር አመላለሰ፣ ውሃ አቀረበ፣ ሳህን አጠበ። አንድም ጊዜ አላየችውም። ሲደውል አታነሳም።

አርባው ካለፈ በኋላ እሷ ደወለች።

ከካሌዶኒያን ሮድ ገባ ብሎ ካለች ትንሽ መናፈሻ አግዳሚ ላይ ተገናኙ። ጥቁሯን አላወለቀችም። ፊቷ አንሷል።

«አንተ ብቻ አይደለህም» አለች። «ሁሉም ነው የዋሸኝ። ጋሼ ኪዳኔን ይቅር ብያለሁ። ወንድሜን ይቅር ብያለሁ። አንተን ብቻ እምቢ ብል ግፍ ነው።»

«ብፅዬ…»

«ቆይ ልጨርስ። ያለ አንተ አልቻልኩም። ሞከርኩት፣ አልሆነም። እንጋባ። ድግስ አልፈልግም። ቄሱ፣ አንተ፣ እኔ፣ በቃ።» እጇን ሰዳ እጁን ያዘች። ቀዝቃዛ ነበር እጇ። «አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሃለሁ። ሌላ የደበቅከኝ ነገር አለ?»

ሐሙስን የሚያውቁት እሱና ሀብተ ማርያም ናቸው። ሀብተ ማርያም በሕይወቱ አይነግራትም። የለም ማለት ብቻ ነው። አንድ ቃል። ከዚያ ሚስት፣ ቤት፣ ምናልባት ልጅ። ሰው በዚህች ቃል ተጋብቶ ሃምሳ ዓመት ይኖራል።

ደምመላሽ እጇን አየ። ደግሞ ሊያታልላት አቅም አጣ።

«አለ» አላት። «ሐሙስ ዕለት ወንድምሽ ደውሎልኝ ነበር። ከማረፋቸው በፊት። ሆስፒታል ናቸው አለኝ። እንዳልነግርሽ ለመነኝ። ተውኩት።»

እጇ አልተነቃነቀም።

«ትናገር ነበር?»

«አይ። ይሰሙ ነበር ግን።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«በምሳ ሰዓት።»

«ቤት ነበርኩ» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ። «ስልኬ ጭኔ ላይ ነበር።»

አንዲት ሴትዮ ውሻዋን እየጎተተች አለፈች። ውሻው ቆሞ አሸተታቸው፣ ሄደ።

«ስትሞት ደብቀኸኝ ነበር ብዬ ነው ይቅር ያልኩህ» አለች። «በሕይወት እያለች ነው የደበቅከኝ።»

«አዎ።»

«የለም ብትለኝ አገባህ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

እጇን ሳትነጥቅ፣ ቀስ ብላ፣ አንድ አንድ ጣቷን አወጣች። አልተሳደበችም። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፣ ጥቂት ቆማ ከላይ አየችው፣ ፊቱን በቃሏ እንደምትይዝ ሰው። ከዚያ በበሩ ወጣች። ሊከተላት እግሩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው።

እሱ አልደወለም። እሷም አልደወለችም።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ቲጂን ገበያ ውስጥ አገኛት። ወሬ አበዛች፤ የፈራችውን ወሬ መጨረሻ ላይ አመጣችው።

«ከብፅዓት ጋር አንድ ሆስፒታል ነው የምንሠራው፣ እኔ ጽዳት እሷ ነርስ» አለች። «አላገባችም። በሽተኛ ሲጠናበት ለቤተሰብ የምትደውለው እሷ ናት። ሌሎቹ ሐኪሙ ይምጣ፣ ነገ ይነገራቸው ይላሉ። እሷ አትሰማም። ዘመድየው ስብሰባ ላይ ነኝ ይበላት፣ መንገድ ላይ ነኝ ይበላት፣ ና ትለዋለች። አሁን ና፣ ገና በሕይወት አሉ።»

«ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ። አንዳንዱ በፒጃማ ይመጣል።»

ደምመላሽ የያዘውን ከረጢት ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ሰላም ብሎሻል ልበላት?» አለች ቲጂ።

አሰበ። «አይ» አለ። «ሥራዋን ትሥራ።»